ለበዓሉ የሚያስፈልገንን

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን፤ በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን። አሰሮ ለሰይጣን፤ አግዐዞ ለአዳም። ሰላም፤ እምይእዜሰ፤ ኮነ፤ ፍሥሐ ወሰላም።

ማክሰኞ ዕለት፣ ቤተ ክርስቲያናችን «ቶማስ» ብላ በሰየመችው ቀን፣ አንዲት እኅት ከጉባኤ በኋላ ቆማ ጠበቀችኝ። እንደ ሰሞኑ ልማድ በዚሁ ሰላምታ ጀመርሁላት። እርሷም ልትመልስልኝ አፏን ከፈተችና «አግዐዞ ለአዳም» ላይ ስትደርስ እንባዋ ቀደማት። ነጻ አወጣው ማለት እንደ ሆነ ታውቃለች። ያስለቀሳትም ማወቋ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰርጓን የወርቅ ጉትቻ ለአንዲት አራጣ አበዳሪ በመያዣ ሰጥታ ብር ተበድራለች፤ ወለዱ በወር ከመቶ ዐሥር ነው። በብድሩ ሁለት ዶሮ፣ ቅቤ፣ ሠላሳ እንቁላል፣ ሽንኩርት፣ ለልጆቹ ልብስ፣ ለቤቱ አዲስ መጋረጃ ገዝታለች። ቤተሰቡ አራት ነው። «ለምን ሁለት ዶሮ አስፈለገሽ?» አልኋት። «ልጆቼ የሰው ቤት ሽታ እንዳያምራቸው» አለች መጀመሪያ። ዝም ብዬ ስጠብቃት ዋናው ወጣ፤ አምና አንዲት ጎረቤቷ ወጡን በጭልፋ ገልበጥ አድርጋ አይታ «የዘንድሮው ደግሞ ሳሳ» ብላት ነበር። ዓመቱን ሙሉ ይህች አንዲት ቃል በሆዷ ስትብላላ ከርማ ዘንድሮ «ከማን አንሼ» ብላ ጉትቻዋን አወለቀች። ማቀዝቀዣ የላቸውምና ከሁለቱ ዶሮ የአንዱ ያህል ወጥ ሰኞ ማታ ኮምጥጦ ተደፋ።

ሰኞ ማለት ማዕዶት ነው፤ የመሻገር ቀን። አዳም ከሲኦል ወደ ገነት፣ እስራኤልም ከግብፅ ባርነት ወደ ነጻነት መሻገራቸው የሚታሰብበት። መጽሐፈ ምሳሌ ደግሞ «ተበዳሪም የአበዳሪ ባሪያ ነው» ይላል። እንግዲህ ስንቶቻችን ነን በማዕዶት ዕለት ባሕሩን ወደ ኋላ የተሻገርን?

እኔም ጥፋተኛ ነኝ፤ እርሷን ብቻ አልወቅስም። ለስንት ዓመት ከፋሲካ በኋላ መድረክ ላይ ስወጣ ስለ ስካርና ስለ ዘፈን ስጮህ ኖሬአለሁ። ስለ ብድር አንድ ቀን አስተምሬ አላውቅም። ሰካራሙ ጮኾ ስለሚታይ ይሆናል። ባለዕዳ ግን ነጠላውን አጣፍቶ፣ ፊቱን አሳምሮ፣ ከፊት ቆሞ ያስቀድሳል።

ከዚያች ማታ ጀምሮ ከልቤ ያልወጣ አንድ ጥቅስ አለ። በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ እግር ሲያጥቡ የምንሰማው የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይ፣ ከሕጽበቱ ጥቂት ወረድ ብሎ፣ ብዙዎቻችን ሳናየው የምናልፈው ቁጥር 29 ነው። ጌታ ለይሁዳ «የምታደርገውን ቶሎ ብለህ አድርግ» አለው። በማዕድ የተቀመጡት ምን ማለቱ እንደ ሆነ አላወቁም። ይሁዳ ገንዘብ ያዥ ነበርና አንዳንዶቹ «ለበዓሉ የሚያስፈልገንን ግዛ» ያለው መሰላቸው። ሌሎቹም ለድሆች ምጽዋት እንዲሰጥ ያዘዘው መሰላቸው።

ተሳስተዋል። ነገር ግን ስሕተታቸው ለእኛ ምስክር ሆነልን። እነዚህ ሰዎች ከጌታ ጋር የዋሉ፣ ያደሩ፣ በአንድ ገበታ የበሉ ናቸው። በፋሲካ ዋዜማ ጌታቸው ለገንዘብ ያዡ አንድ ነገር ሲያዝዝ ወደ አእምሮአቸው የመጣው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ወይ ለበዓሉ የሚያስፈልገው፣ ወይ ለድሀ። ሲያደርግ ያዩት ይህንኑ ስለ ነበረ ሌላ መገመት አልቻሉም። ያ ከረጢት ሁለት መውጫ ነበረው ማለት ነው። በዓሉን አልናቀም፤ ጌታም ደቀ መዛሙርቱም ፋሲካን ገዝተውና አዘጋጅተው አክብረዋል። ድሀውንም አልረሳም። ደግሞ ቃሉን አስተውሉ፤ «የሚያስፈልገንን» ነው የሚለው። ያማረንን፣ ሌሎች የገዙትን፣ አምና ያሙንን ሰዎች አፍ የሚዘጋልንን አላለም።

ሦስተኛ መውጫ የነበረው በአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው። ወንጌላዊው አንድ ምዕራፍ ቀደም ብሎ ይሁዳ ሌባ እንደ ነበረና ከሚገባው ገንዘብ ይወስድ እንደ ነበረ ነግሮናል። ይህን ስናነብ በይሁዳ ላይ ጥርሳችንን እናፋጫለን። ይሁዳ እንኳ የሰረቀው ለራሱ ኪስ ነው። እኛ ከልጆቻችን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ከቤት ኪራይ፣ ከሽማግሌ አባታችን መድኃኒት ላይ ሰርቀን የምንሰጠው ለጎረቤት ዓይን ነው። ጎረቤት ደግሞ በልቶ እንኳ አያመሰግንም፤ ጭልፋውን ገልበጥ አድርጎ ያያል።

ያን ከረጢት ማን ይሞላው ነበር? ሉቃስ በምዕራፍ 8 ላይ ይነግረናል፤ ዮሐና፣ ሶስናና ሌሎች ብዙ ሴቶች በገንዘባቸው ያገለግሉ ነበር። የሴቶች ልፋት ነው። ዛሬስ የስንቱን ቤት ከረጢት የሞላችው ቤሩት፣ ጅዳ ወይም ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ አይደለችም? በዓል በቀረበ ቁጥር ስልኳ ይጮኻል። «ለበዓል ላኪልን እንጂ፤ የእገሌ ልጅ እኮ ልካለች።» እርሷ በዚያ ፋሲካን ሳታስቀድስ፣ የአሠሪዋን ልጆች ስታጥብ፣ ሌሊት ተደብቃ በስልኳ ቅዳሴ ስትሰማ ታድራለች። የላከችውን ብር እኛ መጋረጃ እንቀይርበታለን። እናቶች ሆይ፣ አባቶች ሆይ፣ በዚህ ነገር ልቤ እጅግ ያዝናል። ያ ብር የላብ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዱ የእንባ ነው። ስትመለስ የምታርፍበትን ጥቂት ነገር አስቀምጡላት። የሰው ልጅ ላከች አልላከች ብላችሁ አታስጨንቋት።

አንዳንድ ሰው «መምህር፣ በዓል ባህላችን ነው፤ ዶሮ አትብሉ ልትለን ነው ወይ?» ይለኛል። አልልም። ነህምያ በ8ኛው ምዕራፍ ሕዝቡ ሲያለቅስ «ሂዱ፣ የሰባውን ብሉ፣ ጣፋጩንም ጠጡ» አላቸው፤ ምንም ላላዘጋጁትም ድርሻቸውን እንዲልኩ ጨምሮ አዘዘ። አምሳ አምስት ቀን የጾመ ሰው በበዓለ ትንሣኤ ቢደሰት ደስታው የተቀደሰ ነው። በዚህ ሰሞን እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብን እንኳ አንጾምም። የእኔ ጥያቄ ስለ ልኩ ነው።

ልኩን ደግሞ እግዚአብሔር ራሱ አስተምሯል። የመጀመሪያውን ፋሲካ ሥርዓት በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 12 አንብቡት። የቤቱ ሰው ጥቂት ሆኖ አንድ ጠቦት የሚበዛበት ከሆነ፣ ለቤቱ ከቀረበው ጎረቤት ጋር ሆኖ በነፍስ ቁጥር አንድ ጠቦት ይውሰድ፤ እያንዳንዱም በሚበላው መጠን ይቁጠር ይላል። እንዴት ያለ ነገር ነው! ሕዝቡ ከግብፅ ሊወጣ ወገቡን ታጥቆ፣ መልአከ ሞት በደጅ ሊያልፍ፣ እግዚአብሔር ግን ስለሚበላው መጠን ይናገራል። ይህ በግልጽ ቅርጫ ነው። አባቶቻችን በሬ ተካፍለው በመደብ በመደብ ሲከፋፈሉ የሠሩት ሥራ በኦሪቱ መሠረት አለው። ጎረቤትም በዚያ ሥርዓት የሚያሳፍር ዓይን ሳይሆን አብሮ የሚቆጥር፣ አብሮ የሚበላ ነው። ያች እኅትና ጭልፋ የገለበጠችው ጎረቤቷ አንድ ዶሮ አብረው ገዝተው ቢሆን ኖሮ፣ ዐሥራ ሁለቱ ብልት ለሁለት ቤት ስድስት ስድስት ይደርስ ነበር። ጉትቻውም በጆሮዋ ይሆን ነበር።

በየመሥሪያ ቤቱና በየሰፈሩ ለበዓል በሬ በየወሩ ጥቂት ጥቂት የሚያዋጡ ሰዎች አሉ፤ እግዚአብሔር ይባርካቸው። ዕቁባቸውን በበዓል ሰሞን እንዲደርሳቸው የሚያመቻቹም አሉ። ጌታ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን ይቈጥራል ሲል «ተቀምጦ» ያለው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። እኛ የበዓል ሒሳብ የምንሠራው ቆመን ነው፤ ገበያ መሀል፣ ዶሮ በእጃችን አንጠልጥለን፣ ነጋዴው እየጮኸብን። ለእንቁጣጣሽ ገና ወራት አሉ። ባልና ሚስት ከዛሬ ጀምሮ አንድ ማታ ተቀመጡ። ስንት ነፍስ ነን? ስንት ቀን እንበላለን? ከቤት ኪራይና ከትምህርት ቤት የተረፈው ስንት ነው? በየሳምንቱ ምን እናስቀምጥ? ልጆቹንም አስቀምጧቸውና እውነቱን ንገሯቸው። ልጅ ከምናስበው በላይ ይገባዋል። የማይገባው አባቱ በበዓል ማግስት ለምን እንደሚቆጣ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ በአጭሩ ልበለው። አምሳ አምስቱን ቀን ያልገዛነው ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል ዋጋው የት ገባ? ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራህን ለተራበ ስትቈርስ ነው ይለናል። ከጾሙ የተረፈው የድሀው ነበር። አንዳንዱ ቤት ግን ጾሙን ራሱ ከፍስኩ አስበልጦ ያወጣበታል፤ በአንድ ትሪ የማይጎድል የጾም ዓይነት፣ ለፎቶ የተደረደረ። ይህን የምለው ለሌለው አይደለም። ሽሮ በበርበሬ እየቀመሰ የጾመ ሰው ምንም አላተረፈም፤ ለእርሱ ይህ ክፍል አልተጻፈም።

የተረፈውን ስለ መድፋት ደግሞ ራሱ ጌታ ተናግሯል። አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ ባርኮ አምስት ሺህ ወንድ ካጠገበ በኋላ «አንድ ስንኳ እንዳይጠፋ የተረፈውን ቍርስራሽ አከማቹ» አላቸው። ያም የሆነው፣ ዮሐንስ በምዕራፍ 6 እንደ ጻፈው፣ ፋሲካ በቀረበ ጊዜ ነው። ከምንም ተነሥቶ ማብዛት የሚችል አምላክ ቍርስራሽ አስለቀመ። እኛ በወለድ የገዛነውን ሰኞ እንደፋለን።

ለዚያች እኅት ግን ይህን ሁሉ አልነገርኋትም። የምታለቅስ ሴት ፊት ዘጸአትንና ነህምያን አይዘረዝሩም። የነገርኋት ስለ እመቤታችን ብቻ ነው። ሕፃኑን በአርባ ቀኑ ወደ ቤተ መቅደስ ይዛ ስትወጣ፣ የኦሪቱ ሕግ ወላድ የአንድ ዓመት ጠቦት እንድታመጣ ያዝዝ ነበር። ለጠቦት አቅም ያጣች እንደ ሆነ ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩቶች ይበቃታል። ሉቃስም የጻፈልን የድሆቹን መሥዋዕት ነው። በኢየሩሳሌም መቅደስ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ጠቦት የጎተቱ ሴቶች በአጠገቧ እያለፉ፣ እርሷ በርግብ ገባች። ለጠቦት አልተበደረችም። በክንዷ የያዘችው የዓለሙን ኃጢአት የሚያስወግደውን የእግዚአብሔርን በግ ነበር፤ ለበግ ግን ገንዘብ አልነበራትም። ስምዖን አረጋዊም ዓይኖቼ ማዳንህን አይተዋልና ብሎ ሕፃኑን ሲታቀፍ፣ ያመጣችው ርግብ ነው ወይስ ጠቦት ብሎ አልጠየቃትም።

እኅቴ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «እውነት በግ አልነበራትም?» አለች። መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጬ ሉቃስ ምዕራፍ 2ን ሰጠኋት። ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች ቁጥር 24ን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ደጁን ተሳልማ ሄደች። ጉትቻው እስካሁን አበዳሪዋ ዘንድ ነው።