ስልክ፣ ዕድሜና ወላጅ፦ ቡና ላይ የሚወሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው እሁድ ጎንደር፣ ማራኪ ያለው ቤታችን ቡና ተፈልቶ ነበር። ገና አቦሉ ሳይቀዳ ወሬው ወደ ስልክ ዞረ። የአባዬ ጓደኛ «አውስትራሊያ ልጆች ስልክ እንዳይነኩ አግዳለች፤ እኛ ምን እንጠብቃለን?» አሉ። እኔ ፈንዲሻውን እያዞርኩ «ስልክ አይደለም እኮ፣ ሶሻል ሚዲያ ነው» አልኩ። ጎረቤታችን እትዬ ቀበል አድርገው «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ።

ግን 17 ዓመቴ ነው። 11ኛ ክፍል ነኝ። እዚያ ከተቀመጡት ሁሉ ስልክ ላይ ብዙ የምቆየው እኔ ነኝ (የአባዬን ፌስቡክ ካልቆጠርን)። ስለዚህ ያላስጨረሱኝን እዚህ ልጨርሰው።

«13 ዓመት የሞላው ልጅ ለሶሻል ሚዲያ ደርሷል»

እማዬ ታናሽ ወንድሜን «13 ሲሞላህ ትከፍታለህ» ትለዋለች። ልክ እንደ ክትባት ቀጠሮ። ቁጥሩን ሐኪሞች አጥንተው ያወጡት ይመስላታል። እኔም ይመስለኝ ነበር።

ቁጥሩ የመጣው ከአሜሪካ ሕግ ነው። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1998 ወጥቶ በ2000 ሥራ ላይ ዋለ። የሚለውም በአጭሩ ይኼ ነው፦ የኢንተርኔት ድርጅቶች ከ13 ዓመት በታች ያለን ልጅ የግል መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ እንዳይሰበስቡ። ስለ ሱስ፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ስድብ የሚያወራ ሕግ አይደለም። እንዴትስ ሊሆን ይችላል? ፌስቡክ ራሱ የተጀመረው በ2004 ነው። ሕጉ ሲረቀቅ 16 ዓመት ታስቦ ነበር፤ በድርድር ወርዶ 13 ላይ ቆመ። ድርጅቶቹም የእያንዳንዱን ወላጅ ፈቃድ ከመለመን «ከ13 በታች አንቀበልም» ብለው ጻፉና ተገላገሉ።

እንዳይመስላችሁ፣ ጽሑፉ ብቻውን አላዳናቸውም። በ2019 ጉግል በዩቲዩብ የልጆችን መረጃ ያለ ፈቃድ ሰብስቧል ተብሎ ተከሶ 170 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። እና 13 ቁጥሩ ድርጅቱ የሚጠየቅበትን መስመር ነው የሚያሳየው። ወንድሜ በ13ኛው የልደት ቀኑ ጠዋት ሲነሳ ምን ዓይነት ልጅ እንደሚሆን የሚያውቅ የለም። እኔ በ13 ዓመቴ የማላውቀው ሰው «ቆንጆ ነሽ» ብሎ ስለጻፈልኝ አንድ ሳምንት ሙሉ ደስ ብሎኝ ከርሜያለሁ። አልደረስኩም ነበር።

«አፑ ራሱ ዕድሜ ያጣራል»

ይቺን ልንገራችሁ። ወንድሜ የተወለደው ኅዳር 2007 ነው። 11 ዓመቱ ነው ማለት ነው። ለጥምቀት ሰሞን ቀሃ፣ ፋሲል መዋኛ ልጆች ወደ ውኃው ሲዘሉ የተቀረጸውን ቪዲዮ ለማየት ብሎ ቲክቶክ ከፈተ። የትውልድ ዘመን ሲጠየቅ 2007 አለ። አፑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ወንድሜ በአንድ ጊዜ 18 ዓመት ሞላው።

እማዬ ስትቆጣው «ማርያምን አልዋሸሁም!» አለ። እውነቱን ነው። ሌላ ሀገር ያለ ልጅ እንዲያልፍ መዋሸት አለበት። የእኛ ልጅ እውነቱን ተናግሮ በሰባት ስምንት ዓመት ይበልጣል።

ሌላም አለ። ብዙ ሰው ፒያሳ ስልክ ሲገዛ ጂሜይሉን የሚከፍትለት የሞባይል ቤቱ ልጅ ነው። ልጁ ደግሞ ስንቱን የትውልድ ቀን ይጠይቃል? ደስ ያለውን ይሞላል። የእኔ ላይ ጃንዋሪ 1 ቀን 1990 ብሎልኛል። በስልኬ 36 ዓመቴ ነው፤ እማዬ በሁለት ዓመት ብቻ ነው የምትበልጠኝ። ቀልድ ይመስላል እንጂ ዩቲዩብ ለልጅ አይሆንም ብሎ የሚዘጋውን ሁሉ ለእኔ ይከፍተዋል። የሚያየኝ እንደ ትልቅ ሴትዮ ነዋ።

ልጃችሁ ስልክ ካለው የጉግል አካውንቱ ውስጥ የግል መረጃ የሚለውን ክፈቱና የተወለደበትን ቀን እዩት። በፈረንጅ ቆጥራችሁ አስተካክሉ። አንድ ነገር ግን እወቁ፦ ዕድሜው ከ13 በታች ከሆነ ጉግል በወላጅ አካውንት ቁጥጥር ሥር እንዲገባ ይጠይቃል፤ በተሰጠው ቀን ውስጥ ካልተደረገ አካውንቱን ይዘጋዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ለራሳችሁ የምታውቁት ጂሜይል ይኑራችሁ። ፓስወርዱን የሞባይል ቤቱ ልጅ ብቻ የሚያውቀው አይቆጠርም።

«ጎረምሳውን ጠብቁ፤ ሕፃን ምን ያውቃል?»

እኚያው ተረት የተረቱብኝ እትዬ የሁለት ዓመት የልጅ ልጅ አላቸው። ያለ ስልክ ገንፎ አይበላም። ስልኩ ከጣሳ ጋር ተደግፎ ይቆማል፤ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ካርቱን። ማስታወቂያ ሲገባ አፉን ይዘጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን ጭራሽ አይመከርም። ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው በቀን ከአንድ ሰዓት አይለፍ፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል ይላል። ይኼን ለእትዬ አልነገርኳቸውም። «ለእራት አይበቃም» እንደሚሉኝ ስለማውቅ።

«ኢንተርኔት ባይኖር ልጆቻችን ይተርፉ ነበር»

ይኼንን እኛ ሞክረነዋል። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለአንድ ዓመት ያህል ጠፍቶ ቆየ። ያኔ 14 ዓመቴ ነበር።

ከስልክ ተላቀቅን? ምን በወጣን። ሚሞሪ ካርድ ይዘን ፊልም የሚጭኑ ቤቶች ተሰለፍን። በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ሁሉንም ነገር ተቀባበልን። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ በፒዲኤፍ የደረሰኝ በዚያው ነው። ከመጽሐፉ ጋር አብሮ የመጣውን ግን ለእማዬ አላሳየኋትም። ፍላሽ ላይ ዕድሜ የሚጠይቅ ነገር የለም። ሪፖርት የሚደረግበት ቦታም የለም። ትልልቆቹ «እንኳን ጠፋ፣ ልጆቹ አረፉ» ሲሉ እኛ ሌሊቱን በብርድ ልብስ ውስጥ ነበርን።

«ስልኩን ቀሟት፣ አርፋ ትቀመጣለች»

ይኼኛው ላይ ትንሽ ልቆይ።

አምና አንዲት የክፍሌ ልጅ ፕሮፋይሏ ላይ ያለውን ፎቶ አንድ ሰው ወሰደባት። ሌላ ገላ ላይ ቀጥሎ አቀናበረውና በቴሌግራም ላከላት። «3000 ብር ካላክሽ ግሩፓችሁ ላይ እለቀዋለሁ» አላት። ለቤተሰቧ አልተናገረችም። ከዚያ በፊት አባቷ ማታ መልእክት ሲገባላት አይቶ ስልኩን አንድ ወር ቀምቷት ነበር። በሷ ሂሳብ ብትናገር ሁለት ነገር ይደርስባታል፦ ፎቶውም ይወጣል፣ ስልኩም ይሄዳል። ዝም ካለች ምናልባት አንዱ ብቻ።

እኔ ጋ መጣች። ያኔ 16 ዓመቴ ነበር፤ ምን አውቃለሁ? «ብሎክ አድርጊው» አልኳት። አደረገችው። እሱ ግን ቻቱን ከሁለቱም ስልክ አጥፍቶት ኖሯል። ቴሌግራም እንደዚያ ማጥፋት ይፈቅዳል። ስክሪንሾት አላነሳንም። የተጠቃሚ ስሙን እንኳ አልጻፍነውም። ከሁለት ቀን በኋላ በሌላ አካውንት መጣና 5000 አለ።

ያን ጊዜ ብናውቅ ኖሮ የምናደርገው ይኼን ነበር። መጀመሪያ ስክሪንሾት፤ ስሙ፣ ስልክ ቁጥሩ፣ ሰዓቱ የሚታይበት። ከዚያ ለቴሌግራም ሪፖርት። ከዚያ ብሎክ። ብር በጭራሽ። የከፈለ ሰው ተጨማሪ ይጠየቃል እንጂ አይለቀቅም። እና ደግሞ ሕግ አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 እንዲህ በኮምፒውተር ማስፈራራትን በወንጀል ያስቀጣል። ፖሊስ ጋ መሄድ ይቻላል። የ16 ዓመት ልጅ ግን ብቻዋን ፖሊስ ጣቢያ አትሄድም። ትልቅ ሰው ያስፈልጋታል፤ ትልቁ ሰው ደግሞ ስልክ ቀሚው ነው።

በመጨረሻ የነገረችው ለአክስቷ ነው። አክስቷ ምንም አልጮኸችም። ነጠላዋን ለብሳ «ተነሺ፣ አብረን እንሂድ» አለቻት።

መቀማት ፈጽሞ አይገባም አልልም። የወንድሜን ቲክቶክ እማዬ አጥፍታበታለች፤ ልክ ናት። ግን ልጁ አጥፍቶ መቀማትና ልጁ ተበድሎ መቀማት ይለያያሉ። ቤታችን ውስጥ ሁለቱ አንድ ናቸው።

«አውስትራሊያ ወላጆችን ትቀጣለች»

አትቀጣም። ልጁንም አትቀጣም። ሕጉ ከታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንደ ቲክቶክ፣ ኢንስታግራምና ፌስቡክ ባሉት ላይ አካውንት እንዳይኖረው የመከልከል ኃላፊነቱ የድርጅቶቹ ነው። ቅጣቱ እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ይደርሳል። ስልክ መያዝ አልተከለከለም፤ ዋትሳፕም አልተከለከለም።

እኔ ቁጥሩ ብዙም አይገባኝም። በሀገራችን ሕግ ለመቀጠር 15፣ ለመጋባት 18፣ አልኮል ለመግዛት 21 ነው፤ የቱ ጋ እንደምንበስል ሕጉም አልወሰነም። ጥፋቱን ድርጅቱ ላይ ማድረጋቸው ግን ደስ ብሎኛል። እኛ ሰፈር ጥፋቱ ሁልጊዜ የልጁ ነው፤ ካልሆነም የእናቱ።

«ስልክ የማያውቅ ወላጅ ልጁን መጠበቅ አይችልም»

እምዬ፣ አያቴ ማለቴ ነው፣ ማንበብ አትችልም። ስልክ የምትነካው ሲጠራ ለማንሳት ብቻ ነው። ቤታችን ውስጥ ስልኬን በደንብ የምታውቀው ግን እሷ ናት።

የምታደርገው ቀላል ነው። አጠገቤ ቁጭ ብላ «ዛሬ ምን አየሽ? እስቲ አሳዪኝ» ትላለች። አትቆጣም። አንዳንዴ ትስቃለች፣ አንዳንዴ «ወይ ጉድ» ትላለች። አንድ ቀን «ብራችሁን በሳምንት እጥፍ አደርጋለሁ» የሚል ሰውዬ መጣ። ጥሩ ልብስ፣ ጥሩ መኪና። እኔ ሊንኩን ልነካ ስል እምዬ ጠጋ ብላ አየችውና «ይኼስ ዓይኑ አላማረኝም። ብር የሚያበዛ ሰው ለምን ያንቺን ይፈልጋል?» አለች። ከሳምንት በኋላ ቻናሉ ተዘግቶ የተበሉት ሰዎች ሲያለቅሱ አየን።

አባዬ ደግሞ ሕግ አውጥቷል። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ስልክ ሁሉ ሳሎን ቡፌው ላይ ቻርጅ ይደረጋል። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ሕጉን ለመጀመሪያ ጊዜ የጣሰው ራሱ አባዬ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ሽንት ቤት ፌስቡክ ሲያይ ያዝነው። ወንድሜ ያን ቀን ያሳየው ደስታ ለፋሲካም አልታየ። አሁን የአባዬም ስልክ ቡፌው ላይ ያድራል። እኔም በጊዜ እተኛለሁ፤ ግን ይኼን ለአባዬ አልነገርኩትም።

ትናንት ማታ እምዬ «እስቲ ያን ቀሃ ላይ የሚዘለውን ልጅ ድገሚልኝ» አለችኝ። ሰዓቱን አየሁ። 3 ሰዓት አልፏል።

«ነገ» አልኳት።