በቃል የተገባ የሥራ ውል ይጸናል?

ከሞጣ ወይም ከቡሬ ተነሥቶ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ የሚወርድ የቀን ሠራተኛ ከባለሀብቱ ጋር ብዙ ጊዜ የሚዋዋለው በቃል ስለሆነ፣ ክፍያው ሲቀርበት «ውልህ የታል?» ከተባለ መብት የሌለው ይመስለዋል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ ይሁን አይልም፤ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው ዝርዝሩን በ15 ቀን ውስጥ ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል፤ ይህን ሳያደርግ ቢቀርም ሠራተኛው መብቱን አያጣም፣ አብረውት ያጨዱትንም በምስክርነት ሊቆጥር ይችላል። ይበልጥ የሚያሳስበው ይርጋው፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ነው፤ የደመወዝ ጥያቄ ክፍያው መፈጸም ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ ስለሚታገድ፣ በጥቅምት ሊከፈለው ይገባ ለነበረ ገንዘብ ክረምት ሲገባ የሚከስስ ሰው ዘግይቷል።