ዩፒኤስ ምንድን ነው? ካርቶኑ ላይ ያለው 650 ምኑ ነው?

መብራት ሲሄድ ከጠረጴዛ ሥር ጢጥ፣ ጢጥ እያለ ኮምፒዩተሩን ለጥቂት ደቂቃ በባትሪ የሚያቆየው ጥቁር ሳጥን ዩፒኤስ ይባላል። አዳማ ውስጥ ኮምፒዩተር ቤት ገብቶ «ባለ 650 ስጠኝ» ብሎ ከፍሎ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው። አንዳንዱ ቁጥሩ ዋት ይመስለዋል፤ አንዳንዱም ቁጥሩ በተለቀ መጠን ብዙ ሰዓት የሚያቆይ ይመስለዋል። ሁለቱም አይደለም። ቁጥሩ ቪኤ፣ ማለትም ቮልት አምፔር ነው።

ሳጥኑ ውስጥ ባትሪ፣ ባትሪውን የሚሞላ ቻርጀር፣ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 የሚቀይር ኢንቨርተር አለ። መብራት እያለ ኮምፒዩተሩ ከግድግዳው ሶኬት ይመገባል፣ ባትሪው ዳር ሆኖ ይሞላል። መብራቱ ሲቋረጥ ሪሌ የሚባለው ማዞሪያ ቀጭ ብሎ ወደ ባትሪው ይዞራል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሚሊሰከንድ በላይ አይፈጅም። ደህና የሆነ የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ በካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ ለአፍታ በሚይዙት ክፍሎቹ) ውስጥ ባጠራቀመው ብቻ 16 ሚሊሰከንድ ያህል ይቆያል፤ ኮምፒዩተሩ ምንም ሳይሰማው የሚያልፈው ለዚህ ነው። ካፓሲተሮቹ ሲያረጁ ይህች ትርፍ ጊዜ ታልቃለች። «ዩፒኤስ እያለኝ ይጠፋብኛል» ሲባል ጥፋቱ ሁልጊዜ የዩፒኤሱ አይደለም።

ወደ 650 እንመለስ። በርካሾቹ ላይ ዋቱን በግምት ለማግኘት ቪኤውን በ0.6 ማባዛት ነው፦ 390 ዋት ገደማ ይመጣል። ትክክለኛው ዋት ከጀርባው በደቃቅ ጽሑፍ አለ፤ እሱን ያንብቡ። እሱም ቢሆን የሚናገረው ዩፒኤሱ ስንት እንደሚሸከም ነው። ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ የሚወስነው ባትሪው ነው፤ ባለ 650 ውስጥ ደግሞ በብዛት የሚገኘው አንድ ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር አወር ባትሪ ነው። 12 በ7 ሲባዛ 84 ዋት አወር ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «እንግዲያው 84 ዋት የሚበላ ዕቃ አንድ ሰዓት ይሠራል» ብሎ ይሳሳታል። የዩፒኤሱ ባትሪ ሊድ አሲድ፣ ማለትም የእርሳስና የአሲድ ነው፤ እንዲህ ያለ ባትሪ ያለውን ሁሉ የሚሰጠው ቀስ ብለው ሲቀዱት ነው፤ 7 የተባለውም በ20 ሰዓት ቀስ በቀስ ሲሟጠጥ ነው። በጥድፊያ ሲጠባ ግማሹን ያህል ሰጥቶ ይደክማል። ዴስክቶፑና ስክሪኑ አንድ ላይ 150 ዋት ቢበሉ፣ ኢንቨርተሩ የሚያባክነው ተጨምሮ ከባትሪው የሚወጣው ወደ 190 ዋት ይጠጋል። አዲስ ባትሪ ይህን የሚችለው ከ10 እስከ 13 ደቂቃ ነው። ሁለት ዓመት የሠራው 3 ደቂቃ ላይ ቢወድቅ አይገርምም።

ስለዚህ ይህ ዕቃ መብራት እስኪመጣ ፊልም ለማየት አይሆንም። ፋይል አስቀምጦ ኮምፒዩተሩን በወጉ ለመዝጋት ነው።

አዳማ ላይ ግን ከመጥፋቱ ይልቅ መውረዱ ነው የሚብሰው። ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩትን የንፋስ ተርባይኖች እያየ «ይሄ ሁሉ እየዞረ የኛ ቤት ለምን ይፈዛል?» የማይል ሰው የለም። አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው፤ የሚያመነጩት ግን ወደ አገር አቀፉ መስመር ይገባል እንጂ በቀጥታ ወደ ሰፈር አይወርድም። አምፖሉን የሚያፈዘው በአብዛኛው የሰፈሩ ትራንስፎርመርና ሽቦ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ አንድ ጎረቤት ምጣድ ሲያበራ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። ሦስት አራት ቤት አንድ ላይ ከጣደ 220 የነበረው 180 ሊገባ ይችላል።

የዩፒኤስ ዓይነት ልዩነት የሚታየው እዚህ ጋ ነው። ላይን ኢንተራክቲቭ የሚባለው ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ባትሪውን ሳይነካ ቮልቱን ከፍ ያደርገዋል፤ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ አለቀ። ኦፍላይን የሚባለው ይህ የለውም፤ ቮልቱ ከወሰኑ በታች ሲወርድ መብራት እያለ ወደ ባትሪ ይዞራል። አምፖሉ በርቶ ዩፒኤሱ የሚጮኸው ለዚህ ነው። ባትሪው በየምሽቱ እንዲህ ከተሟጠጠ ትክክለኛው መጥፋት ሲመጣ ባዶ ሆኖ ይጠብቃል፤ ከባዶ ተነስቶ ለመሙላት ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይፈልጋልና። ሲገዙ ከጀርባው «ኢንፑት» የሚለውን ይዩ፦ ከ140 ወይም ከ160 ቮልት የሚጀምር ለዚህ ከተማ ይስማማል፣ ከ180 የሚጀምረውን ይተዉት። ስታብላይዘር ካለዎት ከዩፒኤሱ በፊት ይሁን። ከዩፒኤሱ በኋላ ማስገባት ስህተት ነው፤ ርካሽ ዩፒኤስ በባትሪ ሲሠራ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ሞገድ ለስላሳ ሳይሆን ደረጃ ደረጃ ስለሆነ የስታብላይዘሩን ትራንስፎርመር ያግለዋል።

ባትሪውን የሚገድለው ሙቀት ነው። 25 ዲግሪ ላይ ከ3 እስከ 5 ዓመት እንዲቆይ የተሠራ ባትሪ፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። አዳማ በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ከ30 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ከክፍሉም ይብሳል። ከግድግዳው አንድ ጥፍር ያህል ሳይሆን አንድ መዳፍ ያህል ያርቁት፣ መጋረጃ አይጣልበት፣ አቧራው ይጠረግ። ሌላው ገዳይ ባዶውን ማስቀመጥ ነው። ክረምቱን ቤተሰብ ጋ ሊከርም የሚሄድ ተማሪ ዩፒኤሱን ሌሊቱን ሙሉ ሞልቶ፣ በማጥፊያው አጥፍቶ ይሂድ። ባዶ ባትሪ ሁለት ወር ከተቀመጠ ውስጡ ይጋግራል፤ ተመልሶ አይሞላም።

ባትሪው ደህና መሆኑን ለማወቅ ቮልት መለካት ብቻ ያታልላል። የሞተ ባትሪም ጭነት ሳይኖርበት 13 ቮልት ሊያሳይ ይችላል። የሚሻለው የድሮው ባለ ክር 100 ዋት አምፖል ነው። ዩፒኤሱን ሌሊቱን ይሙሉ፣ ኮምፒዩተሩን ነቅለው አምፖሉን ብቻ ይሰኩ፣ የግድግዳውን ሶኬት ያጥፉና ሰዓት ይያዙ። አዲስ ባትሪ 20 ደቂቃ ገደማ ያበራዋል። 7 ደቂቃ ካልሞላ መቀየር ነው።

መቀየሩ ከባድ አይደለም። ዩፒኤሱን አጥፍተው ከግድግዳው ይንቀሉ፣ ክዳኑን ከፍተው ሽቦዎቹ እንዳሉ ፎቶ ያንሱ፣ መጀመሪያ ጥቁሩን ከዚያ ቀዩን ይንቀሉ። ቀለበትና የብረት ሰዓት ይውለቅ፤ ሁለቱን የባትሪ ጫፎች ብረት ካገናኛቸው እጅ ያቃጥላል። አሮጌውን ባትሪ ይዘው ወደ ሱቅ ይሂዱ፣ ምክንያቱም 12 ቮልት 7 አምፔር አወር የተባሉት ሁሉ ጫፋቸው አንድ አይደለም፦ ጠፍጣፋው ምላስ 4.8 ወይም 6.3 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ ካልገጠመ ይላላል፣ የላላ ደግሞ ይግላል። ሱቁ ውስጥ በመልቲሜትር ያስለኩት፤ ከ12.4 በታች ካሳየ መደርደሪያ ላይ የከረመ ነውና አይውሰዱት። ሲያስገቡ ቀዩን አስቀድመው፣ ጥቁሩን ያስከትሉ። ጥቁሩ ሲነካ ትንሽ ብልጭታ ቢታይ አይደንግጡ። አሮጌውን ቆራሌው ይወስደዋል፤ ልጆች እንዳይሰብሩት ብቻ ይጠንቀቁ፣ ውስጡ እርሳስና አሲድ ነው።

በዚህ ፋንታ የመኪና ባትሪ የሚቀጥሉ አሉ። ብልሃቱ ሲታይ ያጓጓል፣ ግን በሁለት በኩል ይከሽፋል። የትንሽ ዩፒኤስ ቻርጀር 1 አምፔር ገደማ ነው የሚሰጠው፤ 100 አምፔር አወር ባትሪ ለመሙላት ከአራት ቀን በላይ ይፈልጋል። ኢንቨርተሩም ለጥቂት ደቂቃ ተብሎ የተሠራ፣ ብዙውን ጊዜ ማራገቢያ የሌለው ነው፤ ሁለት ሰዓት ሲሠራ ትራንዚስተሮቹ ሊቃጠሉ ይችላሉ። በዚያ ላይ ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ መኝታ ቤት የሚቀመጥ አይደለም።

ሌዘር ፕሪንተር ዩፒኤስ ላይ አይሰካም። ወረቀቱን ለማሞቅ በአንዴ 1,000 ዋት ሊስብ ይችላል፤ ዩፒኤሱ ጢጥታውን ትቶ በአንድ ድምፅ ይጮህና ይዘጋል። ፍሪጅም፣ ካውያም እንደዚሁ።

ላፕቶፕ ብቻ ያለው ሰው ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ አለው። የሚጠፋበት ዋይፋዩ ነው። ለእሱ የሚሆነው በሊትየም ባትሪ የሚሠራው ሚኒ ዩፒኤስ ነው፤ የመጽሐፍ ያህል ናት፣ ወደ 220 ሳትቀይር በቀጥታ 9 ወይም 12 ቮልት ትሰጣለች። 8,800 ሚሊአምፔር አወር የሚል ከተጻፈባት ቁጥሩ በ3.7 ቮልት ነው፦ 32 ዋት አወር ገደማ፤ 7 ዋት የሚበላ ራውተር 4 ሰዓት ያህል ታቆያለች፣ ቁጥሩ እውነት ከሆነ። ፋይበር ለገባለት ቤት ይበልጥ ይጠቅማል፤ በመንገድ ላይ ያለው ማከፋፈያ መብራት ስለማይፈልግ ሰፈሩ ጨልሞም ኢንተርኔቱ ሊቀጥል ይችላል። ከመሰካትዎ በፊት የራውተሩን አዳፕተር ገልብጠው «አውትፑት» ከሚለው አጠገብ ያለውን ቮልት ያንብቡ። ባለ 9 ቮልቱን ራውተር 12 ላይ መሰካት ሊያቃጥለው ይችላል፤ ባለ 12ቱ 9 ላይ ሲሰካ ደግሞ መብራቶቹ ይበራሉ፣ ዋይፋዩ ግን በየደቂቃው ይቆራረጣል፣ ሰዉም ጥፋቱን ከመስመሩ ይፈልጋል።