ቴሌቪዥን በኢንተርኔት መስመር እንዴት ቤት ይደርሳል?

በሳተላይት ዲሽ ለሚያይ ቤት ቻናሎቹ ሁሉ ሌት ተቀን ጣሪያው ላይ አሉ፤ የሪሲቨሩ ሥራ ከመካከላቸው አንዱን መርጦ ማውጣት ነው። በኢንተርኔት የሚመጣው ቴሌቪዥን የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ተመልካቹ ሪሞቱን ተጭኖ እስኪጠይቅ ድረስ ምንም አይመጣም፤ ሲጠይቅም የሚላክለት የጠየቀው ቻናል ብቻ ነው። በዚህ ስም የሚጠሩት ሁለት አገልግሎቶች ናቸው። አንዱን የኢንተርኔት አቅራቢው ድርጅት በራሱ መስመርና በራሱ ሳጥን ያደርሰዋል። ሌላው ለሁሉም ክፍት በሆነው ኢንተርኔት ከሌላው ሁሉ ጋር እየተጋፋ ይመጣል። ምስሉ ሲቆራረጥ ወይም ሲዘገይ ምክንያቱ የሚለያየው ከዚህ በመነሣት ስለሆነ ሁለቱን መቀላቀል አይገባም።

ለመጀመሪያው ዓይነት ፈረንሳይ ጥሩ ማሳያ ናት። በ1996 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፓሪስ አጠገብ በሚገኘው ኤኮል ሳንትራል የምህንድስና ትምህርት ቤት ተማሪዎች አንድ ሥራ ጀመሩ፤ በየማደሪያው ዲሽ ከመትከል ይልቅ አንድ ዲሽ ተክሎ ምስሉን በግቢው የኮምፒውተር መስመር ማከፋፈል። ለዚህ የጻፉት ፕሮግራም በ2001 ለማንም በነጻ ተለቀቀ። ዛሬ በየኮምፒውተሩ ላይ የምናገኘው ቪኤልሲ የተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ የዚያ ሥራ ፍሬ ነው። ፍሪ የተባለው የኢንተርኔት ድርጅት በበኩሉ በ2002 ፍሪቦክስ የሚባል ሳጥን አወጣ፤ በ2003 መጨረሻ ላይ ቴሌቪዥን ጨመረበት። ኢንተርኔት፣ ስልክና ቴሌቪዥን በአንድነት በወር 29.99 ዩሮ ይሸጡ ጀመር። መስመሩ ያው የድሮው የመዳብ የስልክ ሽቦ ነበር። ሽቦው ከስልክ ጣቢያው በራቀ ቁጥር አቅሙ ስለሚወርድ፣ ኢንተርኔት ገብቶላቸው ቴሌቪዥኑ ያልደረሳቸው ቤቶች ነበሩ።

በእንዲህ ያለው አሠራር እያንዳንዱ ቻናል እስከ ሰፈሩ ጣቢያ ድረስ በአንድ ቅጂ ይጓዛል። ተመልካቹ ከዜና ወደ ኳስ ሲቀይር ሳጥኑ ከአንዱ ቻናል መውጣቱንና ወደ ሌላው መግባቱን የሚያስታውቅ አጭር መልእክት ይልካል፤ ጣቢያውም ቅጂውን ለጠየቁት ብቻ ያባዛል። መቶ ሺህ ሰው አንድ ጨዋታ ቢመለከት በዋናው መስመር የሚያልፈው ያው አንድ ቅጂ ነው። ከዚህ ሁሉ ቴክኖሎጂ ውስጥ እጅግ የማደንቀው ይህን ነው።

ክፍቱ ኢንተርኔት ይህን አይችልም፤ ለእያንዳንዱ ተመልካች የራሱ ቅጂ ይላካል። መጭመቅ ባይኖር ኖሮ ነገሩ የማይታሰብ ነበር። በሰከንድ 25 ጊዜ የሚታደስ ሙሉ ኤችዲ ምስል ሳይጨመቅ በሰከንድ ከ1.2 ጊጋቢት በላይ ይፈልጋል፤ ሲጨመቅ 5 ሜጋቢት ገደማ ይበቃዋል። ምስጢሩ ያልተለወጠውን ደጋግሞ አለመላክ ነው። ዜና አንባቢዋ ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ሙሉ በሙሉ የሚላከው በየጥቂት ሰከንዱ አንዴ ሲሆን፣ በመካከሉ የሚላከው በአመዛኙ የከንፈሯና የእጇ እንቅስቃሴ ነው።

የተጨመቀው ሥርጭት በጥቂት ሰከንድ እየተቆራረሰ፣ እያንዳንዱ ቁራጭም በተለያየ የጥራት ደረጃ ይዘጋጃል። አፕል በ2009 ባወጣው ዘዴ የተመከረው ርዝመት መጀመሪያ 10 ሰከንድ ነበር፤ በኋላ ወደ 6 ወርዷል። ስልኩ ወይም ቴሌቪዥኑ የመስመሩን ፍጥነት እየለካ ቀጣዩን ቁራጭ በሚችለው ጥራት ይጠይቃል። ምስሉ ድንገት ደብዝዞ መልሶ የሚጠራው በዚህ ምክንያት ነው። እንዳይቆም ደግሞ ሁለት ሦስት ቁራጭ አስቀድሞ ያጠራቅማል፤ ሦስት ባለ10 ሰከንድ ቁራጭ ግማሽ ደቂቃ መዘግየት ነው። ጎረቤት በዲሽ እያየ ጎል ብሎ ሲጮህ፣ በኢንተርኔት የሚያየው ቤት ኳሷ ገና መሀል ሜዳ ላይ ናት።

የመንገዱን ርዝመት ለማሳጠር ቅጂዎችን ከተመልካቹ አጠገብ ባሉ ሰርቨሮች (ያስቀመጡትን ለጠየቃቸው በሚልኩ ኮምፒውተሮች) ማስቀመጥ የተለመደ ነው። በ1998 የተመሠረተው አካማይ የተባለ ድርጅት የቆመው በዚህ ሥራ ነው። በ2007 በኢንተርኔት ፊልም ማሳየት የጀመረው ኔትፍሊክስም ከ2012 ወዲህ የራሱን ሰርቨሮች በኢንተርኔት አቅራቢዎቹ ቤት ውስጥ ያስቀምጣል።

የናይልሳት ሥርጭት ሰሜን አሜሪካ አይደርስም። ዋሽንግተን የሚኖር ቤተሰብ በዚህ ሳተላይት ብቻ የሚተላለፍ የአገር ቤት ቻናል ለማየት ዲሽ ቢሰቅል አይረዳውም፤ ያለው መንገድ ኢንተርኔት ነው። አገር ቤት ሚዛኑ ይገለበጣል። ዲሽ አንዴ ከተገዛ ነጻዎቹን ቻናሎች ለማየት ተጨማሪ ወጪ የለም፤ በሰከንድ 5 ሜጋቢት የሚታይ ኤችዲ ሥርጭት ግን በአንድ ሰዓት 2.25 ጊጋባይት (ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው) ይበላል፤ ጥቅል እየገዛ ለሚጠቀም ሰው ይህ ከባድ ነው። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚላከው ዝቅተኛ ጥራት በሰዓት 450 ሜጋባይት ብቻ ይወስዳል፤ በስልክ ስክሪን ላይ ዜናና ውይይት ለመከታተልም ይበቃል። የአገር ውስጥ ጣቢያዎች በኢንተርኔት ሲያሰራጩ ይህን ምርጫ ሳይደብቁ ከፊት ሊያስቀምጡት ይገባል።