ማስታገሻ ሁሉ አንድ አይደለም

ፒያሳ አካባቢ ካሉት መድኃኒት ቤቶች በአንዱ ተራ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የነበሩ እናት «የጉልበት ማስታገሻ ስጪኝ፣ ልጄ» አሉ። ፋርማሲስቷ ወዲያው አልሰጠቻቸውም፤ «እማማ፣ ጨጓራ አለብዎት?» ብላ ጠየቀቻቸው። እንዲህ ስትጠይቅ ደስ አለኝ።

ሰውነት ሲጎዳ ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል። ቦታው የሚያብጠው፣ የሚቀላውና የሚያተኩሰው፣ ሕመሙም የሚበረታው በእነርሱ አማካይነት ነው። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪን እነዚህን የሚሠራውን ኢንዛይም ይገታሉ። ይህን አሠራር በ1971 እ.ኤ.አ. የገለጠው እንግሊዛዊው ጆን ቬን በ1982 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

ችግሩ ያው ፕሮስታግላንዲን የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቅ፣ ወደ ኩላሊት የሚሄደውንም ደም የሚያግዝ መሆኑ ነው። የሚዋጠው ኪኒን ጉልበትን ከጨጓራ ለይቶ አያውቅም። ስለዚህ የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ነፍሰ ጡርም ሐኪም ሳያማክሩ ሊወስዱት አይገባም። በጾም ቀን በባዶ ሆድ የሚውጡት ሰዎች በጣም ያሳስቡኛል። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ጨጓራ እየደማ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ለወለምታ፣ ለመገጣጠሚያ እብጠት፣ ለጥርስና ለወር አበባ ሕመም ግን በአነስተኛ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ ሲወሰድ ጥሩ ይሠራል። ፓራሲታሞል ከዚህ ወገን አይደለም፤ ትኩሳትና ሕመም ያስታግሣል እንጂ እብጠት አያበርድም።

እማማ ጨጓራ ነበረባቸው፤ የዳይክሎፌናክ ቅባት ይዘው ወጡ። በቆዳ በኩል ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው።