«የደሴ ልጅ ከፍታ አይነካውም» እና ሌሎች ስለ ተራራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደሴ ላይ ተራራ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከፒያሳ ቀና ብሎ ወደ ምዕራብ ያየ ሰው ጦሳን ያገኛል። በምሥራቅ በኩል አዝዋ ገደል አለ። ለኮምቦልቻ ልጅ ደግሞ የጎፍ ቅርቡ ነው። አለፍ ሲል አምባሰል፣ መቅደላ፣ የቦረና ሳይንት ከፍታዎች አሉ። ቅዳሜና እሁድ ቦርሳና ካሜራ ይዞ የሚወጣ ወጣት ማየት እንዴት ደስ ይላል!

ግን አብሮ የሚወጣ ወሬም አለ። ዕቃ ስንገዛ፣ መንገድ ስንመርጥ፣ ፎቶ ስንለዋወጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። አንዳንዱ ገንዘብ ያስባክናል። አንዳንዱ ፎቶ ያበላሻል። ጥቂቱ ግን ሰው ይገድላል፤ ከእሱ ልጀምር።

«ገመድ ገመድ ነው፤ ወፍራም ይሁን እንጂ»

ኮምቦልቻ የጭነት መኪና ከተማ ናት። የጭነት ማሰሪያ ገመድ በየሱቁ አለ። ወፍራም ነው፣ ርካሽ ነው፣ ከባድ ዕቃ ይይዛል። «ይሄን ሁሉ ጭነት የቻለ እኔን ያቅተዋል?» የሚባለው ለዚህ ነው።

ቀስ ብሎ ለተንጠለጠለ ሰው ላያቅተው ይችላል። ለሚወድቅ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። እየወደቀ ያለ ሰውነት የሆነ ቦታ ላይ መቆም አለበት። ገመዱ የማይለጠጥ ከሆነ ያ ሁሉ ጉልበት በቅጽበት ወገብና አከርካሪ ላይ ያርፋል፤ ወይም ገመዱ የታሰረበትን ነገር ይነቅላል። የጭነት ገመድ ደግሞ የሚፈለገው ብዙ እንዳይለጠጥ ነው፤ ጭነቱ እንዳይላላ።

ለመውጫ የሚሆነው ገመድ ዳይናሚክ ይባላል። ሲጎተት እየተለጠጠ ውድቀቱን ያበርዳል። ነጠላው (አንድ ገመድ ብቻውን የሚሠራበት) ዓይነት ለገበያ ከመቅረቡ በፊት 80 ኪሎ ክብደት ታስሮበት ይፈተናል። በመጀመሪያው ውድቀት የሚፈጠረው ጉልበት ከ12 ኪሎኒውተን (የ1.2 ቶን ክብደት ያህል) መብለጥ የለበትም። ገመዱም ቢያንስ 5 ከባድ ውድቀት ሳይበጠስ መቻል አለበት። ይህን የሚያልፈው ገመድ ብዙ ጊዜ ውፍረቱ ከ9 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከጭነት ገመዱ በጣም ይቀጥናል ማለት ነው። ስታቲክ የሚባል ሌላ ገመድም አለ። እሱ በገመድ ለመውረድ፣ ለነፍስ አድን ሥራና ዕቃ ለመጎተት ነው። ከፊት ሆኖ ለሚወጣ ሰው አይሆንም።

«ብዙም አልተሠራበትም፣ አዲስ ማለት ነው» የሚለውም እዚሁ ይነሳ። ገመዱ የሚሠራበት ናይለን ተቀምጦም ያረጃል። አምራቾች አንዴም ባይታሰር እንኳ ከ10 ዓመት በኋላ እንዲጣል ይመክራሉ። የመኪና ባትሪ አሲድ የነካው ገመድ ደግሞ ከላይ ምንም ሳይታይበት ውስጡ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ገመዳችሁን የመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ከባትሪና ከነዳጅ ጋር አትጣሉት። ታሪኩን የማታውቁትን ያገለገለ ገመድም አትግዙ። በነጻ ቢሰጧችሁም እንቢ በሉ።

ካራቢነርም (ገመድ የሚያያዝበት፣ በር ያለው የብረት ቀለበት) እንደዚሁ ነው። ለቁልፍ መያዣ የሚሸጠው ከእውነተኛው ጋር መንታ ይመስላል። እውነተኛው ጎኑ ላይ የሚችለው ጉልበት ተቀርጾበታል። በርዝመቱ ቢያንስ 20 ኪሎኒውተን ይላል፤ ይህ 2 ቶን ያህል ማለት ነው። በሩ ክፍት ሆኖ ከተጎተተ ግን መስፈርቱ የሚጠይቀው 7 ብቻ ነው። ስለዚህ በሩ መዘጋቱን ሁልጊዜ በእጃችሁ ጫን ብላችሁ አረጋግጡ።

«የኛ ጥቁር ድንጋይ ብረት ነው»

ድንጋዩ ራሱ ጠንካራ ነው፤ እውነት ነው። አቀማመጡ ግን አይታመንም። የወሎ ተራሮች በአብዛኛው ባዛልት ናቸው። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከመሬት ስንጥቅ የወጣ ቅልጥ ድንጋይ ተደራርቦ የሠራቸው ናቸው። ቅልጡ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል፤ አንዳንዱም እንደ ምሰሶ ይቆማል። በድርብርቦቹ መካከል ደግሞ አመድና ቀይ አፈር የመሰለ ለስላሳ ነገር አለ። ዝናብ ያንን ሲያጥበው ከላይ ያለው ቋጥኝ ምን እንደያዘው እንኳ አይታወቅም።

ገርዓልታ ላይ ሰዎች በገመድ ሲወጡ በቪዲዮ አይቶ «አዝዋም ላይ እንሞክር» ማለት ለዚህ አያስኬድም። የገርዓልታው አሸዋማ ድንጋይ ነው፤ የተለየ ነው። እኛ ጋ አንድ ድንጋይ ከመጨበጣችሁ በፊት በመዳፍ ምቱት። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ተዉት። የያዛችሁትን ወደ ታች ተጫኑት እንጂ ወደ ራሳችሁ አትሳቡት። የተፈነቀለ ካለ «ድንጋይ!» ብላችሁ ጩኹ፤ ማፈር የለም። ፍየል ከበላያችሁ እየጋጠ ከሆነ ደግሞ ጠብቁ ወይም ቦታ ቀይሩ።

ሄልሜት ለጀማሪ ብቻ ነው የሚለው ሰው፣ ከላይ የሚመጣ ድንጋይ ጀማሪና ነባር እንደማይለይ ዘንግቷል። የሞተር ሄልሜት ይተካዋል ወይ? አይተካውም። ይከብዳል፤ ጆሮንም ስለሚሸፍን ያንን «ድንጋይ!» የሚል ጩኸት ያፍናል።

«የደሴ ልጅ ከፍታ አይነካውም»

ይህ በኩራት ስለሚነገር ለማረም ይከብዳል። ግማሽ እውነትም አለው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። እዚያ የሚኖር ሰው ከባሕር ጠረፍ ከመጣ እንግዳ በጣም ይሻላል። ኮምቦልቻ ግን 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም የከፍታው ልዩነት ትልቅ ነው። ሁለቱን ከተሞች እንደ አንድ ቆጥሮ አብሮ መሮጥ አይገባም።

ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ላሊበላ አጠገብ ያለው አቡነ ዮሴፍ 4,260 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ራስ ደጀን ጫፍ ላይ ግን ከ60 በመቶ በታች ይወርዳል። ይሄን ሰውነት በአንድ ሌሊት አይለምደውም። ሯጭ መሆንም አያድንም። እንዲያውም ጠንካራው ልጅ ፈጥኖ ስለሚወጣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታመመው እሱ ነው።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ እንቅልፍ ማጣት ሲመጡ «በቁር ነው» ብላችሁ አትለፉት። እዚያው አርፉ፤ ወደ ላይ አትቀጥሉ። ሰውየው ከተደናገረ፣ ቀጥ ብሎ መራመድ ካቃተው፣ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው ጊዜ የለም። ሌሊት ቢሆንም ወደ ታች ይወሰድ። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ቦታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ባይበልጥ ጥሩ ነው። በየሦስት በአራት ቀኑም አንድ ቀን እረፉ።

«ጫፍ ከደረስን አለቀ»

ጫፍ ላይ ስንደርስ ገና እኩሌታው ነው። ቁልቁለት ላይ ጉልበት ደክሟል፣ ውሃ አልቋል፣ ልብ ግን ቤት ገብቷል። እግር የሚያዳልጠው ያን ጊዜ ነው። «በዚህ ቶሎ እንወርዳለን» የሚባለው አቋራጭም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። በተለይ ውሃ የሚወርድበትን ሸለቆ ተከትሎ መውረድ መጥፎ ልማድ ነው። ከላይ ለስላሳ መስሎ ይጀምርና ፏፏቴ አፋፍ ላይ ያደርሳል። መመለሻውም ዳገት ነው።

ጊዜን አስቀድሞ ለመገመት ከ1892 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ቀላል ስሌት አለ። ያወጣው ዊሊያም ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ነው። ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት ያዙ። ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ሌላ 1 ሰዓት ጨምሩ። መንገዱ 10 ኪሎ ሜትር ሆኖ 900 ሜትር ከፍታ ካለው ሦስት ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ያውም ያለ እረፍትና ያለ ፎቶ። እኛ አገር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብርሃኑ 20 ደቂቃ ያህል ነው የሚቆየው። ስለዚህ ራስ ላይ የሚታሰር መብራት ለአጭር መንገድም ቦርሳ ውስጥ ይኑር።

«ኔትወርክ ከሌለ ስልኩ መንገድ አያሳይም»

ያሳያል። ጂፒኤስ ምልክቱን የሚቀበለው በቀጥታ ከሳተላይት ነው፤ የቴሌ ኔትወርክም ዳታም አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ካርታው ቀድሞ መውረዱ ነው። ኦርጋኒክ ማፕስ ወይም ኦስማንድ የሚባሉት የካርታ መተግበሪያዎች ላይ ቤት ሆናችሁ የወሎን ካርታ አውርዱ። ከዚያ ስልኩን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፤ ባትሪም ይቆጥባል። ያም ሆኖ ካርታው የማያውቀውን እረኛው ያውቃል። የትኛው መንገድ ተንዶ እንደተዘጋ፣ የትኛው ሰፈር ሰሞኑን ሰላም እንደሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ከአካባቢው ሰው ጠይቁ።

«ጥሩ ጫማ ማለት ውድ ቦት ነው»

መስከረም 21 ግሸን የሚወጡትን እናቶች ያየ ሰው ይህን አይልም። ጫማው እግር ልክ ይሁን፣ ሶሉ ይንከስ፣ ከፊት አንድ የአውራ ጣት ወርድ ያህል ትርፍ ይኑረው። ቁልቁለት ላይ ጥፍር የሚጠቁረው ያ ትርፍ ሲጠፋ ነው። ከሰልቫጅ ቦት የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ከቆዳው ይልቅ ሶሉን መርምሩ። ብዙ ቦቶች መሐል ላይ ያለው ስፖንጅ መሰል ነገር ፖሊዩሬቴን ነው። ለዓመታት ሲቀመጥ እርጥበት ይበላዋል። ቆዳው አዲስ መስሎ ሶሉ መንገድ ላይ ተገንጥሎ ይቀራል። በአውራ ጣት ተጫኑት፣ አጥፉት። ከተሰነጠቀ ወይም ከተፈረፈረ ይቅርባችሁ።

ልብስን በተመለከተ «ጋቢ ይበቃኛል» የሚል አለ። ደረቅ ጋቢ ምን የመሰለ ነገር ነው! ግን ጥጥ ነው። በዝናብ ወይም በላብ ከራሰ ሙቀት መያዙን ይተዋል፤ ቶሎም አይደርቅም። ሱፍ እርጥብ ሆኖም ያሞቃል። የደጋ ሰዎቻችን ባና የሚለብሱት በከንቱ አይደለም። «አረቄ ያሞቃል» የሚባለውም አይሠራም። አልኮል በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋል፤ የሚሰማን ሙቀት ከሰውነታችን እየወጣ ያለው ነው። ትኩስ ሻይ በስኳር ይሻላል።

«ጥሩ ፎቶ የካሜራው ሥራ ነው»

ወደ ደስ የሚለው ክፍል መጣን። የወሎን ተራራ አሳንሶ የሚያሳየን አብዛኛውን ጊዜ የሌንስ ምርጫ ነው። ተራራ ትልቅ ስለሆነ ሰፊ ሌንስ ይፈልጋል ብለን እናስባለን። ሰፊው ሌንስ ግን ሩቁን ያሳንሰዋል፤ ግዙፉ አምባ ሜዳ ላይ ያለ ጉብታ ይሆናል። ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ባለው ሌንስ ሞክሩት። ሸንተረሮቹ ተጠጋግተው አንዱ በሌላው ላይ ሲደራረቡ ታያላችሁ። በስልክ ከሆነ የራሱ ሌንስ ያለውን 2 ወይም 3 እጥፍ ማጉያ (ዙም) ተጠቀሙ። ከዚያ በላይ በጣት መጎተት ምስሉን ቆርጦ ማሳደግ ብቻ ነው።

ደሴና ጉም አይለያዩም። «ጉም ካለ ፎቶ የለም» ብሎ መመለስ ግን ያሳዝናል፤ የከተማዋ መልክ እኮ እሱ ነው። ካሜራው ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ስለሚወድ ነጩን ጉም አመድ ያስመስለዋል። ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን ብርሃን) በአንድ ስቶፕ፣ ማለትም በእጥፍ ያህል፣ ከፍ አድርጉት። ስልክ ላይ ምስሉን ነክታችሁ የፀሐይ ምልክቷን ወደ ላይ መግፋት ነው።

ወርቃማው ብርሃን ምሽት ነው የሚለውም ደሴ ላይ አይሠራም። ጦሳ በምዕራብ ስለሆነ ማታ ፀሐይ ከጀርባው ትገባለች፤ ፊቱ ይጨልማል፣ ከተማዋም ቀድማ ጥላ ውስጥ ትወድቃለች። ፊቱ የሚበራው ጠዋት፣ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ማታ የምትወጡ ከሆነ የተራራውን ጥቁር ቅርጽ ከሰማዩ ጋር ለማንሳት ውጡ።

ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል፤ ትርፉን የውስጥ ኪስ ውስጥ ያዙት። ከቀዝቃዛው ደጋ ወደ ሞቃቷ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ደግሞ ካሜራውን ወዲያው ከቦርሳ አታውጡ። ሌንሱ ላይ ላብ ይጠራቀማል። ቦርሳው ተዘግቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ።

ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ፎቶ መነሳት ቀርቷል ያላችሁ እንደሆነ፣ ገና አልቀረም። ክረምት ላይ የአፋፉ አፈር ርሶ ከታች ተቦርቡሮ ሊሆን ይችላል። ከላይ አይታይም። ፎቶው ላይ አፋፍ ላይ ለመምሰል አፋፍ ላይ መቆም አያስፈልግም። የሚነሳው ሰው ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ውስጥ ይቁም። አንሺው ቁጢጥ ብሎ ካሜራውን ወደ መሬት ያስጠጋ። መሬቱ ከፍሬሙ ይጠፋል፤ ከሰውየው ጀርባ ሰማይና ሸለቆ ብቻ ይቀራል።

አንድ የቀረ አለ። «ገጠር ነው፣ ማን ይጠይቃል» እየተባለ ድሮን ይነሳል፣ የሰው ደጅ ይነሳል። ድሮን ያለ መንግሥት ፈቃድ ማብረር ያስጠይቃል። ወታደራዊ ቦታ ማንሳትም ክልክል ነው። ገበሬውን፣ እረኛውን፣ ውሃ የምትቀዳዋን እህት ደግሞ ሰላም ብላችሁ ፈቃድ ጠይቁ። እንቢ ካሉ ካሜራውን አውርዱ፤ እሺ ካሉ ፎቶውን አሳዩአቸው። ስትመለሱ ታትሞ ብታደርሱላቸው ደግሞ በጣም ጥሩ ነው፤ ደሴ ያሉት ፎቶ ቤቶች ከስልክም ያትማሉ።