የአንድ ቀን በጎ ፈቃድ ምንድን ነው?

የአንድ ቀን በጎ ፈቃድ ማለት ክፍያ የሌለው፣ በራስ ፍላጎት የሚሠራ፣ የሚያልቅበት ሰዓት አስቀድሞ የታወቀ ሥራ ነው። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ይገባሉ፣ 6 ሰዓት ላይ እጅ ታጥበው ይወጣሉ። ለወራት ቃል መግባት የለም። ስለዚህ ሙሉ ሳምንት ሥራ ላይ የሚውል ሰውም፣ ትንንሽ ልጆች ያሏት እናትም ይችሉታል።

ደቦና ወንፈል ይቀርቡታል፣ ግን ይለያያሉ። ወንፈል ብድር አለው፤ ዛሬ የእኔን ካረምን ነገ ያንተን እናርማለን። ደቦ የጠራም ጠላውን ጠምቆ፣ እንጀራውን ጋግሮ ይጠብቃል። በጎ ፈቃድ ግን መመለስም መደገስም ለማይችል ሰው ጭምር ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ ክረምት ሲቃረብ የአቅመ ደካሞች ቤት ይጠገናል። እኔም አንድ ቅዳሜ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር የአንዲት እናት ቤት ልንመርግ ሄድን። ስንደርስ ጭቃው ጭድ ገብቶበት፣ ቦክቶ ጠበቀን። በደንብ ያልቦካ ጭቃ ግድግዳ ላይ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የሰፈሩ ወጣቶች ለቀናት ውሃ እያጠጡ ሲረግጡት ሰንብተዋል። የእኛ ግማሽ ቀን ፍሬ ያፈራው እነሱ ቀድመው ስለደከሙ ነው። ይህን ሳላይ ብቀር ኖሮ ሥራውን እኛ የሠራነው ይመስለኝ ነበር።

እኛ በመንገድ በኩል ያለውን ግድግዳ ልንጀምር ነበር። «እማማ፣ ከዚህ እንነሳ?» አልኳቸው።

«አይ ልጄ፣ ውሽንፍሩ የሚገባብኝ በጓሮ በኩል ነው» አሉ።

በጓሮ ጀመርን። ትልቁ ልጄ ጭድ ተሸከመ፣ ትንሿ በጣሳ ውሃ አቀበለች። ለእኔ የበጎ ፈቃድ ዋናው ነገር ይሄው ነው፤ የጎደለውን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው።

እምቦጭ ነቀላም የብዙ ሰው እጅ የሚፈልግ ሥራ ነው። አረሙ ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ሲሆን፣ በጥቅምት 2013 ሰፊ ዘመቻ ተደርጎበታል። ክፋቱ ከግንዱ አዲስ ተክል እያበቀለ ይዛመታል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። የተነቀለው ከውሃው ርቆ ካልተከመረና ካልደረቀ ድካሙ ከንቱ ነው። ቦታውን ተመልሶ የሚያይ ሰውም ያስፈልጋል። ልጆችን ግን ውሃ ውስጥ አታስገቡ፤ በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። ደረቅ መሬት ላይ የሚሠራ አይጠፋም።

ደም መለገስ ደግሞ ከሁሉም አጭሩ ነው። ዕድሜዎ ከ18 እስከ 65፣ ክብደትዎ ከ45 ኪሎ በላይ ከሆነና ጤነኛ ከሆኑ በየ3 ወሩ መለገስ ይችላሉ።

ለመጀመር የእድራችሁን ዳኛ ወይም ቀበሌውን ጠይቁ። ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት ነገር እወቁ፦ ማን እያዘጋጀው ነው? እኛ ከሄድን በኋላ ማን ይቀጥላል? ልጆች ምን ይሠራሉ? ጓንትና የመጠጥ ውሃ ያዙ። ቡናና ስኳርም ጨምሩ፤ የቤቱ እናት «ቡና ሳትጠጡማ አትሄዱም» ማለታቸው አይቀርም።